መቼ ነው የወጣው?

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣
በኢፖ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ፣ በቀጭኑ መንገድ፣
በሎህ ሰዓት ቤት ደጅ አራት ወንበር አለ፣
ያንደኛው እግር ሥር በታጠፈ ካርቶን የተደላደለ።
ሻይ በወተት ይመጣል። ክርክሩም ይመጣል።
ሎህ አጉሊ መነጽሩን ካይኑ ሳያወርድ እንዲህ ይጀምራል፦

«በሰባ ስምንት ነው፣ ከዒድ በኋላ ነው፤
አራት ቀን ታይቶ ነው የወረደው።»
«ምን አራት!» ይላል ዙልኪፍሊ፣ ማሽኑን ያዞር የነበረው፣
«ሦስት ቀን ተኩል! በሞተር የመጣ ልጅ
ጥቅሎቹን ከእጄ ላይ፣ ገና ሳይበርዱ ነው ጭኖ የነጎደው።»
ለዚያች ግማሽ ቀን
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተሟግተዋል።

እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ደብተር ይዤ እጽፋለሁ።
ዪፕ ሳይ ሆንግ ሠላሳ አንድ ፊልም አለው፣ ሁሉንም ቆጥሬያለሁ፤
በሠላሳው ያሸንፋል።
ከጣሪያ ጣሪያ ይዘላል፣ ሰባት ሰው ባንድ እግር ይጥላል።
በዚህኛው፣ በ«ቆርቆሮና ዝናብ» ግን፣
ማዕድን ቆፋሪ ነው፤ ይደክመዋል።
ጡጫ ሊያይ የከፈለ ሕዝብ
ጀግናው ቁጭ ብሎ ሩዝ ሲበላ አየ፤
አንዱማ፣ ይላል ሎህ፣ «እሱ ሳይጨርስ እኔ ራበኝ» ብሎ
ካዳራሹ ተለየ።

ከዚያ መቀሱ መጣ።
ሳንሱሩ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆረጠ፤
አከፋፋዩም ተስፋ ቆረጠ፤
ስሙን «የወንዙ ነብር» ብሎ ለወጠ፤
ነብር የለበትም። ፖስተሩ ላይ ብቻ አፉን ከፍቶ አፈጠጠ።
በካሴት ዘመን መጨረሻው ጎደለ፤
በዲስክ ዘመን ሽፋኑ ላይ የሌላ ሰው ፊት ነው ተለጥፎ ያለ።
እኔ ሦስቱም አሉኝ። በሦስቱም
ዪፕ ከመቆፈሪያው ጀልባ ጫፍ ይዘላል፣
ውሃው ይዘጋል፣
ስክሪኑ ይጨልማል።

ስለዚህ ጠየቅሁ፣ ባለፈው ማክሰኞ፦
«ቆይ፣ መቼ ነው የወጣው?»
ሎህ «በሰባ ስምንት» ሊል አፉን ሲያሞጠሙጥ፣
ዙልኪፍሊ ሊቆጥር ጣቱን ሲያነሣ፣
አራተኛዋ ወንበር ቀደመች።
ቴይቫናይ፣ ትኬት ትቆርጥ የነበረች፣
ከሻይዋ በቀር አፏን ለምንም የማትከፍት፣
«ፊልሙ ነው ሰውየው?» አለች።

«ሰውየው ከሆነ፣ በሦስተኛው ዝላይ ነው የወጣው፣
ቀኝ ጆሮው እየደማ።
ዪፕ አይደለም። ዪፕ ጃንጥላ ሥር ነበር፣ ፎጣ ተከናንቦ።
የኔ ወንድም ነው፣ ኩመሬሳን፤ እዚያው ጀልባ ላይ ይሠራ ነበር፣
የጀግናውን ሸሚዝ አለበሱትና ‹ዝለል› አሉት፣
አርባ ሪንጊት ሰጡት፣
ሸሚዙን ተዉለት።

ሦስቱንም ቀን በነፃ አስገባሁት።
ያችን ዝላይ ብቻ ነበር የሚጠብቃት፤
ከውሃው ሲወጣ ጀርባው ይታያል፣ ጥቂት፣
እስከ ሃያ ብትቆጥር አትሞላም፤
ያኔ መቀስ አልነካትም።
በአራተኛው ቀን ከሥራ መጣ፣ ያንኑ ሸሚዝ ለብሶ፣
ልጆቹ ፖስተሩን ይልጣሉ።
‹ምን ሆነ?› አለኝ።
‹ወረደ› አልኩት።
አልሰማኝም።
‹ወረደ!› ብዬ ጮኽኩ በደህናው ጆሮው፣
ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየው።»

ሎህ አጉሊውን ካይኑ አወረደ።
ዙልኪፍሊ ሻዩን ሳይጠጣ አማሰለ፣ አማሰለ፣
ቆይቶ፣ በቀስታ፣ «እሺ፣ አራት ቀን ይሁን» አለ።
«የለም» አለ ሎህ፣ «ሦስት ተኩል ነው።»
ክርክሩ እንደገና ተነሣ፣ ጎኑን ገልብጦ።

እኔ ከዪፕ ስም ሥር በእርሳስ ጻፍኩ፦
«ኩመሬሳን። ዝላይ። ግራ ጆሮ።»
ቴይቫናይ በትከሻዬ ላይ አጮልቃ፣
«ቀኙ» አለች።
አረምኩት።